አንድ ሞት፣ ሦስት ፊልሞች፦ የሬማርክ ልብ ወለድ በ1930፣ በ1979 እና በ2022



የዛሬው ንግግሬ ስለ አንድ ልብ ወለድና ከእርሱ ስለ ተቀዱ ሦስት ፊልሞች ነው። ልብ ወለዱ ጀርመናዊው ደራሲ ኤሪክ ማሪያ ሬማርክ ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጻፈው «በምዕራብ ግንባር አዲስ ነገር የለም» የተባለው መጽሐፍ ነው። ፊልሞቹ ደግሞ ሉዊስ ማይልስቶን በ1930፣ ዴልበርት ማን በ1979፣ ኤድዋርድ በርገር በ2022 ያዘጋጇቸው ናቸው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

አንድ ልብ ወለድ ወደ ፊልም ሲመለስ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ፊልሙ ለመጽሐፉ ታማኝ ነው ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ለታሪክ ተማሪ ግን አይበቃውም። ታማኝነትን ብቻ የሚመዝን ሰው ፊልሙን የሚያየው እንደ ጎደለ ቅጂ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ፊልሙን እንደ ሰነድ ሊያነበው ይገባል፤ ሰነድነቱም ከሚተርክለት ዘመን ይልቅ ለተሠራበት ዘመን ነው። በ1930 የተሠራ ፊልም ስለ 1918 የሚነግረን ነገር አለ፤ ስለ 1930 የሚነግረን ግን ይበልጣል። ከመጽሐፉ የተወው፣ የጨመረው፣ ቦታ የለወጠው ነገር ሁሉ የዘመኑን አሳብና ሥጋት ይገልጣል።

ሦስቱን ፊልሞች ከጫፍ እስከ ጫፍ ማነጻጸር በአንድ ንግግር አይቻልም። ስለዚህ አንድ ዋና ነጥብ መርጫለሁ፤ እርሱም የዋናው ገጸ ባሕርይ የፓውል ቦይመር ሞት ነው። ይህን የመረጥሁት ደራሲው ሞቱን ሳያሳየን ስላለፈ ነው። ፊልም ሠሪ ግን ካሜራውን አንድ ቦታ ማቆም፣ ገዳዩን ማሳየት ወይም መደበቅ፣ ሟቹ በዚያች ቅጽበት ምን ያደርግ እንደ ነበረ መወሰን ግድ ይሆንበታል። ደራሲው ባዶ የተወውን ስፍራ ሦስት ዘመናት በሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ሞሉት። የንግግሬም ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ሦስቱም ፊልሞች ጦርነትን ያወግዛሉ፤ ነገር ግን ተጠያቂው ማን እንደ ሆነ የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም፤ የመልሱም መለያየት በሞቱ አሳሳል ላይ ይታያል።

በመጀመሪያ ወደ ልብ ወለዱ እንሂድ። ሬማርክ በ1898 ኦስናብሩክ በተባለች የጀርመን ከተማ ተወለደ። በ1916 መገባደጃ፣ በ18 ዓመቱ፣ ለውትድርና ተመለመለ። በጁን 1917 ወደ ምዕራብ ግንባር ዘመተ፤ በጁላይ 31 ቀንም በፍላንደርዝ ምድር በመድፍ ፍንጣሪ ቆስሎ ከግንባር ወጣ። ልብ ወለዱ ፎሲሸ ጻይቱንግ በተባለው የበርሊን ጋዜጣ በተከታታይ መውጣት የጀመረው ኖቬምበር 10 ቀን 1928 ነው፤ ይህም የተኩስ አቁሙ አሥረኛ ዓመት ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። በመጽሐፍ መልክ የታተመው በጃንዋሪ 1929 መጨረሻ ሲሆን፣ በዓመት ከመንፈቅ ጊዜ ውስጥ ከ20 በላይ ወደሚሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሞ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ቅጂዎች ተሸጠዋል።

መጽሐፉ የሚተረከው በአንደኛ መደብ ነው። ተራኪው ፓውል ከትምህርት ቤት ወንበር በቀጥታ ወደ ምሽግ የገባ ወጣት ነው፤ ብዙውን ጊዜም «እኛ» እያለ ይናገራል፤ ትረካው ባመዛኙ በአሁን ጊዜ ነው። ጓደኞቹ አንድ በአንድ ያልቃሉ፤ «እኛ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ ወደ «እኔ» ይጠብባል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያ ድምፅ ይቋረጥና በቦታው ሌላ፣ ማንነቱ የማይታወቅ፣ በሦስተኛ መደብ የሚናገር ድምፅ ይገባል። ይህ ድምፅ በጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ፓውል በኦክቶበር 1918 መውደቁን ይነግረናል፤ በዚያን ቀን ግንባሩ እጅግ ጸጥ ያለ ስለ ነበረ የጦሩ ዕለታዊ መግለጫ አዲስ ነገር የለም ብሎ ማለፉንም ይጨምራል። በምን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ገደለው፣ ምን ሲያደርግ እንደ ነበር አልተጻፈም። አንባቢ በዐሥራ ሁለት ምዕራፎች እንደ ወንድም የለመደው ሰው ለሠራዊቱ መግለጫ ወሬ እንኳ አይሆንም።

እዚህ ላይ ስለ ርእሱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የጀርመንኛው ርእስ ቃል በቃል «በምዕራብ አዲስ ነገር የለም» ማለት ነው። እንግሊዛዊ አንባቢ የሚያውቀው ርእስ ግን፣ ተርጓሚው አርተር ዊን እንደ መረጠው፣ «በምዕራብ ግንባር ሁሉም ጸጥ ብሏል» የሚል ትርጉም አለው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። «ጸጥታ» ስለ ግንባሩ ሁኔታ ይናገራል፤ «አዲስ ነገር የለም» ግን ስለ ዘጋቢው ይናገራል፤ ሞት ለእርሱ አዲስ ነገር መሆኑ ቀርቷል። በአማርኛ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው «ምንም አዲስ ነገር የለም፤ ደኅና ነው» ብሎ መመለስ የተለመደ ስለሆነ፣ የጀርመንኛው ምፀት በእኛ ቋንቋ ሳይጎድል ይገኛል። በዛሬው ንግግር ይህን ርእስ የምንጠቀመውም ስለዚህ ነው፤ ወደ መጨረሻው ላይ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መጀመሪያው ፊልም እንለፍ። የ1930ውን ፊልም የሠራው ዩኒቨርሳል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የኩባንያው መሥራች ካርል ሌምሌ በጀርመን ላውፕሃይም የተወለደ ስደተኛ ሲሆን፣ ፊልሙን በፕሮዲዩሰርነት የመራው በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ልጁ ነው። ዳይሬክተሩ ማይልስቶን በቀድሞዋ የሩሲያ ግዛት ተወልዶ ወደ አሜሪካ የፈለሰ፣ በጦርነቱም ጊዜ በአሜሪካ ጦር የመገናኛ ክፍል ያገለገለ ሰው ነበር። ፊልሙ የተሠራው ድምፅ ወደ ሲኒማ በገባ ማግሥት ነው። ስለዚህ የመትረየሱ ተኩስ፣ የመድፉ ፉጨት፣ የቆሰሉት ጩኸት ለተመልካች አዲስ ነገር ነበሩ። ካሜራው ከምሽጉ ፊት ለፊት ወደ ጎን እየተንሸራተተ፣ የሚሮጡ ወታደሮች በመትረየስ እንደ እህል ሲታጨዱ ያሳያል። ይህ አቀራረብ በኋላ ለተሠሩ ብዙ የጦርነት ፊልሞች መነሻ ሆኗል። ፊልሙ የዓመቱን ምርጥ ፊልምና የምርጥ ዳይሬክተር የኦስካር ሽልማቶችን አገኘ።

ማይልስቶን የመጽሐፉን ቅደም ተከተል ለውጦታል። ልብ ወለዱ የሚጀምረው ከግንባሩ ጀርባ፣ ከግማሽ ያህሉ አልቆ የተመለሰ ጓድ በሟቾች ራሽን ጭምር ጠግቦ ሲበላ ነው። ፊልሙ ግን የሚጀምረው በትምህርት ቤት ነው። በመስኮቱ ውጭ ሰልፈኛ ወታደሮች በሕዝብ እልልታ ታጅበው ያልፋሉ፤ በመስኮቱ ውስጥ መምህር ካንቶሬክ ተማሪዎቹን ወደ ዘመቻ ይቀሰቅሳል። ለ1930 ተመልካች ጥፋቱ የሚጀምረው ከምሽግ ሳይሆን ከመማሪያ ክፍል ነው። ፓውል በፈቃድ ወደ ቤቱ ሲመለስም ወደዚያው ክፍል ይገባል፤ መምህሩ አዲሶቹን ልጆች ሲቀሰቅስ ያገኘዋል። ስለ ጀግንነት እንዲናገር ሲጠየቅ የጦርነትን እውነት ይናገራል፤ ልጆቹም ፈሪ ብለው ይሰድቡታል። ይህ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ የለም። በመጽሐፉ ፓውል አገሩ ሲገባ የሚይዘው ዝምታ ነው፤ ያየውን ሊናገር አይችልም፣ ቢናገርም የሚሰማው ሰው እንደሌለ ያውቃል። በድምፅ ፊልም መባቻ ላይ የቆመው ዳይሬክተር ግን ለዝምተኛው ወታደር አንደበት ሰጠው።

ሞቱ ደግሞ እንዲህ ነው። ፓውል በምሽግ ውስጥ ሳለ ከፊት ለፊቱ አንዲት ቢራቢሮ ያያል፤ እጁን ዘርግቶ ሊነካት ሲል የፈረንሳይ አልሞ ተኳሽ ያነጣጥርበታል። ካሜራው የሚያሳየን እጁን ብቻ ነው፤ ተኩሱ ይሰማል፤ እጁ ይንቀጠቀጥና ይረጋል። ያች እጅ የተዋናዩ የሊው ኤርስ ሳትሆን የዳይሬክተሩ የማይልስቶን እጅ እንደ ነበረች በሲኒማ ታሪክ የታወቀ ነው። ከዚያም ወታደሮች በሰፊ የመቃብር ስፍራ ላይ ተደርበው ወደ ኋላ ዘወር እያሉ ተመልካቹን እያዩ ሲሄዱ ፊልሙ ያበቃል።

ቢራቢሮዋ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከባዶ የተፈጠረች አይደለችም። በመጽሐፉ ውስጥ በፓውል ክፍል የተሰበሰቡ ቢራቢሮዎች አሉ፤ በአንድ ስፍራም ቢራቢሮዎች ከምሽጉ ፊት ሲበሩ ይታያሉ። ፊልሙም በፈቃድ ጉዞው ላይ ያንኑ የቢራቢሮ ስብስብ አሳይቶናል። ስለዚህ ፓውል እጁን የዘረጋው ወደ ውበት ብቻ ሳይሆን ወደ ልጅነቱና ወደ ቤቱ ነው። ገዳዩ ጠላት ተኳሽ ነው፤ ወደዚያ ስፍራ ያደረሰው ግን መምህሩ መሆኑን ፊልሙ ከመጀመሪያው ነግሮናል።

ይህ መልስ በጀርመን ምን እንዳስከተለ ማስታወስ ይገባል። በሴፕቴምበር 1930 በተደረገው ምርጫ የናዚ ፓርቲ የምክር ቤት መቀመጫዎቹን ከ12 ወደ 107 አሳድጎ ነበር። ፊልሙ በዲሴምበር 4 ቀን በበርሊን፣ በኖለንዶርፍ አደባባይ በሚገኘው ሞዛርትዛል የተባለ ሲኒማ ቤት ተመረቀ። በማግሥቱ በጎብልስ የተመሩ የፓርቲው ሰዎች አዳራሹ ገብተው የሚገማ ቦምብ ወረወሩ፣ ነጫጭ አይጦችም ለቀቁ፤ ትርኢቱ ተቋረጠ። በቀጣዮቹ ቀናት የጎዳና ላይ ሰልፎች ተከተሉ። በዲሴምበር 11 ቀን ከፍተኛው የፊልም ሳንሱር አካል ፊልሙ የጀርመንን ክብር ይጎዳል በማለት አገደው። ማገጃውን የሰጠው የሂትለር መንግሥት አልነበረም፤ የቫይማር ሪፐብሊክ ነበር። በ1931 ተቆራርጦ እንደ ገና እንዲታይ ተፈቀደ፤ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ግን ጨርሶ ተከለከለ። በሜይ 10 ቀን 1933 የሬማርክ መጻሕፍት በበርሊን አደባባይ ከተቃጠሉት መካከል ነበሩ፤ በ1938 ዜግነቱን ተገፈፈ። እኅቱ ኤልፍሪደ ሾልዝ ጀርመን በጦርነቱ ትሸነፋለች በሚል በተናገረችው ቃል ተከስሳ፣ የሞት ፍርድ ተፈርዶባት በዲሴምበር 1943 ተገደለች።

እነዚህ ነገሮች ከፊልም ጥበብ ውጭ ቢመስሉም ከጉዳያችን አይርቁም። በበርሊን ቁጣ ያስነሣው የደም ብዛት አልነበረም፤ ጀርመናውያን በአራት ዓመት ጦርነት ከዚያ የባሰ አይተዋል። ቁጣ ያስነሣው ወጣቶቹ በከንቱ ሞቱ የሚለው አሳብ ነው። ሞቱ ከንቱ ከሆነ፣ ወደ ሞት የላካቸው መምህር፣ አባት፣ ሰባኪና ሹም ሁሉ መልስ ሊሰጥበት ይገባል። የሰልፉ ጩኸት ከዚህ ጥያቄ መሸሻ ነበር።

ሁለተኛው ፊልም ከዚህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ዘግይቶ መጣ። ዴልበርት ማን በ1979 ያዘጋጀው ፊልም ለሲኒማ ቤት ሳይሆን ለቴሌቪዥን የተሠራ ነው፤ በኖቬምበር 14 ቀን በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ ተላለፈ። ቀረጻው የተካሄደው በቼኮስሎቫኪያ ነው። ዳይሬክተሩ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ የነበረ ሰው ነው። ፓውልን የተጫወተው ሪቻርድ ቶማስ ሲሆን፣ የአሜሪካ ተመልካች ይህን ተዋናይ ከዚያ በፊት የሚያውቀው በአንድ ታዋቂ የቤተሰብ ተከታታይ ድራማ ላይ ደራሲ የመሆን ምኞት ያለው የገጠር ልጅ ሆኖ ሲጫወት ነው። በየሳሎኑ የሚታወቅ የጎረቤት ልጅ የጀርመን የደንብ ልብስ ለብሶ በምሽግ ውስጥ ታየ ማለት ነው።

የቬትናም ጦርነት ካበቃ ገና አራት ዓመት ያህል መሆኑን እናስታውስ። ያ ጦርነት በአሜሪካ ሳሎኖች በቴሌቪዥን ዜና የታየ ጦርነት ነበር። የ1979ው ፊልም በዚያው ሣጥን በኩል የሌላ ዘመን፣ የሌላ አገር፣ ያውም በ1918 የአሜሪካ ጠላት የነበረ ወታደርን አመጣ። ፊልሙ ሲጀምር እኛ ያለነው ግንባር ላይ ነው፤ ትምህርት ቤቱና ሥልጠናው የሚመጡት በትዝታ ነው። ይህ ወደ መጽሐፉ አሠራር ይቀርባል። የፓውል ድምፅም በትረካ ይሰማል፤ የፈቃድ ጉዞውና የታመመችው እናቱ ስፍራቸውን ይዘዋል።

በዚህ ፊልም ፓውል ሥዕል የሚሥል ወጣት ነው። በመጨረሻው ትዕይንት በምሽጉ ውስጥ ሆኖ አንዲት ወፍ ያያል፤ በማስታወሻው ላይ ሊሥላት ይጀምራል፤ በደንብ ለማየት ቀና ሲል ይመታል። ከ1930ው ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፦ ቢራቢሮዋ በወፍ ተተክታለች። ልዩነቱ ግን ሊታለፍ አይገባም። የ1930ው ፓውል ሊነካ እጁን ዘረጋ፤ የ1979ው ፓውል ሊያይና ሊመዘግብ ተነሣ። የሞተው ሊመሰክር ይችል የነበረው ሰው ነው። የማን ፊልም ኀዘኑ ከባድ ነው፤ ተጠያቂን ፍለጋው ግን ከማይልስቶን ይልቅ ለስላሳ ነው። ከቬትናም በኋላ ይህ ለአሜሪካ ተመልካች የሚስማማ አቋም ነበር፦ የላከውን ሳይከሱ የሄደውን ማዘን።

ሦስተኛው ፊልም በ2022 የወጣው የኤድዋርድ በርገር ሥራ ነው። ከልብ ወለዱ በጀርመንኛ የተሠራ የመጀመሪያው ፊልም ይኸው ነው፤ ለዚህም ከማይልስቶን ፊልም በኋላ 92 ዓመታት መጠበቅ አስፈለገ። ፊልሙ በኔትፍሊክስ አማካይነት ለዓለም ደረሰ፤ ለኦስካር በዘጠኝ ዘርፎች ታጭቶ አራቱን አሸነፈ፤ ከእነዚህም አንዱ የምርጥ ዓለም አቀፍ ፊልም ሽልማት ነው። በብሪታንያው የባፍታ ሽልማትም ምርጥ ፊልም ተባለ።

የፊልሙ መክፈቻ እጅግ የተሳካ ይመስለኛል። ሃይንሪሽ የተባለ ወጣት ወታደር ይሞታል፤ ልብሱ ከሬሳው ይገፈፋል፣ ይታጠባል፣ በስፌት መኪና ይጠገናል፣ ወደ ምልመላ ጣቢያ ይላካል። ፓውል የሚረከበው ያንን ልብስ ነው፤ የሟቹ ስም የተጻፈበት ጨርቅ ገና ከኮሌታው አልተነሣም። ይህ በመጽሐፉ የለም፤ ሆኖም በመጽሐፉ ውስጥ ከሟች ወደ ሟች የሚተላለፍ ጥሩ የቆዳ ጫማ አለ፤ ማይልስቶንም ጫማውን ተከትሎ የለባሾቹን ሞት በተከታታይ አሳይቶ ነበር። በርገር ጫማውን በደንብ ልብስ ተካው። ጫማው ከጓደኛ ለጓደኛ የሚተላለፍ ውርስ ነው፤ ልብሱ ግን በፋብሪካ የሚያልፍ ዕቃ ነው። ይህ ለመጽሐፉ መንፈስ ታማኝ የሆነ ፈጠራ ነው፤ ቃሉን ሳይሆን ነገሩን ይዟልና።

የፊልሙ ትልቁ ለውጥ ግን ሌላ ነው። በርገር በመጽሐፉ የሌለ ሁለተኛ ታሪክ ጨመረ፤ እርሱም በኮምፒዬኝ ጫካ በባቡር ፉርጎ ውስጥ የተካሄደው የተኩስ አቁም ድርድር ነው። ጀርመናዊው ተደራዳሪ ማቲያስ ኤርዝበርገር እውነተኛ የታሪክ ሰው ነው፤ ስምምነቱን በመፈረሙ በቀኝ አክራሪዎች ተጠልቶ በኦገስት 1921 ተገደለ። ፊልሙ በሌላ በኩል ፍሪድሪሽ የተባለ የፈጠራ ጀኔራል ያመጣል። ተኩስ አቁሙ ከረፋዱ 11 ሰዓት እንደሚጸና እየታወቀ፣ ይህ ጀኔራል ሽንፈቱን አልቀበልም ብሎ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ወታደሮቹን ለጥቃት ይልካል። ፓውል በዚያ ጥቃት ከጀርባው በሳንጃ ተወግቶ ይሞታል፤ ጦርነቱም በዚያችው ቅጽበት ያበቃል።

ይህን መልስ እንመርምረው። በኖቬምበር 11 ቀን 1918 ጠዋት፣ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላም፣ ሰዎች እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ መሞታቸው እውነት ነው። ሄንሪ ጉንተር የተባለው አሜሪካዊ ወታደር የወደቀው አንድ ደቂቃ ሲቀር ነበር፤ የጀርመን ዘር ያለው ሰው መሆኑ ነገሩን ይበልጥ መራራ ያደርገዋል። ነገር ግን በዚያ ጠዋት ወደ ፊት ይገፉ የነበሩት በዋናነት የቃል ኪዳኑ ኃይሎች፣ በተለይም አንዳንድ የአሜሪካ ክፍሎች ነበሩ፤ የጀርመን ጦር በማፈግፈግ ላይ ነበር። በርገር የዚያን ጠዋት ከንቱነት ወስዶ ለጀርመናዊ ጀኔራል ሰጠው። ለምን? እንደማየው፣ የ2022 ጀርመናዊ ተመልካች 1918ን የሚያየው በ1933ና በ1945 በኩል ስለሆነ ነው። ኤርዝበርገር በኋላ የሚገደለው ሪፐብሊክ ምልክት ነው፤ ጀኔራሉ በኋላ የሚመጣው ጥፋት ምልክት ነው። ይህ የራሱ ክብር ያለው አስተሳሰብ ነው፤ ጥፋቱን ወደ ባዕድ አላዛወረም።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች ጠፍተዋል። አንደኛው የርእሱ ትርጉም ነው። በመጽሐፉ ፓውል የሚሞተው ምንም ባልተከሠተበት ቀን ነው። ኖቬምበር 11 ግን ከጦርነቱ ቀናት ሁሉ ትልቁ ዜና የተሰማበት ዕለት ስለሆነ፣ «አዲስ ነገር የለም» የሚለው መግለጫ በዚያ ቀን ሊጻፍ አይችልም። ፊልሙ ይህን ስለሚያውቅ በመዝጊያው ጽሑፍ ላይ የምዕራቡ የጦር መስመር በአራት ዓመት ውስጥ እምብዛም እንዳልተንቀሳቀሰ ይነግረናል። ርእሱ ስለ አንድ ሰው ሞት መናገሩን ትቶ ስለ ካርታ መናገር ጀመረ።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ የከበደ ነው። በርገር የፓውልን የፈቃድ ጉዞ ጨርሶ ትቶታል። ይህ ምዕራፍ በመጽሐፉ ውስጥ ዕረፍት መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን ከባዱን ክስ የያዘ ምዕራፍ ነው። አባቱ ልጁን በደንብ ልብሱ ለሰው ሊያሳየው ይፈልጋል፤ በመጠጥ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌዎች የትኛው አገር መያዝ እንዳለበት ይከራከራሉ፤ ከግንባር የመጣውን ወጣት አንተ ጠቅላላውን ሁኔታ አታውቅም ብለው ያርሙታል። ሥልጠናውን የሚመራው ሂመልሽቶስም በሲቪል ሕይወቱ ፖስተኛ የነበረ ሰው ነው፤ በ2022ው ፊልም እርሱም የለም። በሬማርክ ዓለም ጥፋቱን የሚሠሩት ፖስተኛው፣ መምህሩ፣ አባትየው፣ የመጠጥ ቤቱ ሽማግሌዎች፣ ማለትም ጎረቤቶቻችን ናቸው። አብዛኞቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ይህም ነው ክሱን የሚያከብደው። በበርገር ፊልም መምህሩ በአጭሩ ይታያል፤ የጥፋቱ ዋና ተሸካሚ ግን በግብር ቤቱ የሚበላው ጀኔራል ነው። ደጀኑ ከክሱ ነጻ ወጣ።

ስለዚህ ብዙ ሰው ከሚተቸው የፍጻሜ ለውጥ ይልቅ ይህ ዝም ብሎ የታለፈ ምዕራፍ ሊያሳስበን ይገባል እላለሁ። የፍጻሜው ለውጥ ዐይን ውስጥ ስለሚገባ ማንም ያስተውለዋል፤ የተተወ ምዕራፍ ግን መጽሐፉን ላላነበበ ሰው እንዳልነበረ ነው። በ1930 አይጥና የሚገማ ቦምብ የተወረወረው ተመልካቹ ራሱ ስለ ተከሰሰ ነው። የ2022ው ፊልም ከእርሱ የበለጠ ደም፣ የበለጠ ጭቃ፣ የበለጠ ሥቃይ ያሳያል፤ በየአገሩም ተጨበጨበለት። ሽልማት መቀበሉ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን በትዕቢተኛ ጀኔራል ላይ መፍረድ ለማናችንም ቀላል ነው፤ ልጁን በኩራት የሸኘ አባት ላይ መፍረድ ግን ከባድ ነው፤ ብዙዎቻችን እርሱን እንመስላለንና።

በሚዛናዊነት ለመናገር፣ ሦስቱም ፊልሞች የያዙት አንድ ትዕይንት አለ። ፓውል በመድፍ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ አንድ የፈረንሳይ ወታደር ወግቶ፣ ቀስ ብሎ ሲሞት አብሮት ይቆያል፤ በኋላም ከኪሱ ወረቀቶችና የቤተሰቡን ፎቶግራፍ ያገኛል። በ1930ው ፊልም ያንን ሟች የተጫወተው ሬይመንድ ግሪፊዝ የድምፅ አልባው ዘመን ታዋቂ የኮሜዲ ተዋናይ ነበር፤ የድምፁ ሕመም በድምፅ ፊልም ዘመን የተዋናይነት ሥራውን ዘጋበት። በተኩስና በጩኸት በተሞላው በዚህ የድምፅ ፊልም ውስጥ፣ አንድም ቃል የማይናገረውን ሰው የተጫወተው እርሱ ነው። ይህን ትዕይንት የትኛውም ዘመን ሊተወው አልቻለም። ገዳይና ሟች ፊት ለፊት ሲተያዩ መግለጫ፣ ጀኔራልና መምህር ሁሉም ርቀው ይቀራሉ። ሦስቱ ፊልሞች ከመጽሐፉ ጋር እጅግ የሚቀራረቡት በዚህ ስፍራ ነው፤ የሚለያዩት ይህን ሰው ወደዚያ ጉድጓድ ማን አወረደው በሚለው ጥያቄ ላይ ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎቻችን የማስተላልፈው ምክር ይህ ነው። ከአንድ ልብ ወለድ የተቀዱ ፊልሞችን ስታነጻጽሩ ምን ተጨመረ ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ምን ተተወ ብላችሁ ጠይቁ። ቀጥሎም የተተወው ነገር ማንን ከተጠያቂነት እንዳወጣ መርምሩ። ዘመኑ ሊሰማ ያልፈለገው ነገር የሚገኘው ብዙ ጊዜ በተቆረጠው ገጽ ላይ ነው። ሬማርክ የፓውልን ሞት ባዶ የተወው በስንፍና አይደለም። ማን ገደለው የሚለውን ጥያቄ አንባቢው ራሱ ይዞት ወደ ቤቱ እንዲሄድ ነው። ፊልሞቹን ካያችሁ በኋላ ወደዚያች አጭር የመጨረሻ ገጽ እንድትመለሱ እጋብዛለሁ።